የተሻለ ኮሌጅ ወይስ የሚፈልጉት የምህንድስና ዘርፍ? ምርጫውን እንዴት መወሰን ይቻላል

ሁለት ተቋማት ተቀብለውዎታል እንበል። አንደኛው ስሙ የገነነ፣ በመምህራኑና በቤተ ሙከራዎቹ የሚመሰገን ነው፤ የመደበዎት ግን በሁለተኛ ምርጫዎ ነው። ሌላው በዝና ዝቅ ቢልም ከልብ የሚፈልጉትን የምህንድስና ዘርፍ ሰጥቶዎታል። ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ «ስም ይሻላል ወይስ ፍላጎት?» ተብሎ ይቀርባል፤ በዚህ መልክ ከቀረበ ደግሞ ወላጅ አንዱን፣ ጓደኛ ሌላውን እየደገፈ ክርክሩ ማለቂያ ያጣል። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የተሰጠዎት ዘርፍ ከፈለጉት ዘርፍ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ርቀቱ ትንሽ ከሆነ የተሻለውን ኮሌጅ መምረጥ ያዋጣል፤ ርቀቱ ሰፊ ከሆነ ግን የኮሌጁ ስም ጉድለቱን አይሞላውም።

1. ሁለቱን ሥርዓተ ትምህርቶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ከሁለቱም ተቋማት እያንዳንዱ ኮርስ ከነክሬዲቱ የሰፈረበትን ዝርዝር ያግኙ፤ የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ዓመት ይለፉት፤ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ፕሮግራሚንግ በአብዛኛው የምህንድስና ዘርፍ ስለሚሰጡ ልዩነቱን አያሳዩም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያሉትን ኮርሶች ግን በሁለቱም ዘርፎች የሚሰጡ፣ በተመደቡበት ዘርፍ በምርጫ ኮርስነት ሊወሰዱ የሚችሉ፣ ጨርሶ የማይገኙ ብለው ይለዩዋቸው።

ለምሳሌ ኤሮስፔስ ምህንድስና ፈልገው ሜካኒካል የደረሰዎት ከሆነ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፈሳሽ መካኒክስ፣ ዳይናሚክስ፣ የቁሳቁስ ጥንካሬና የቁጥጥር ሥርዓት በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ያገኟቸዋል። የሚጎድሉት ኤሮዳይናሚክስ፣ የበረራ መካኒክስ፣ የግፊት ሞተሮችና የመዋቅር ትንተና ከአውሮፕላን አንጻር ናቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በትልቅ ኮሌጅ በምርጫ ኮርስነት ይሰጣሉ። የአውሮፕላን ሞተር የሚሠሩ ድርጅቶችም ሜካኒካል መሐንዲሶችን ይቀጥራሉ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ርቀቱ ጠባብ ነው። ኮምፒውተር ምህንድስና ፈልጎ ኤሌክትሪካል የደረሰው ተማሪም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዑደት፣ ሲግናል፣ ዲጂታል ሎጂክና ማይክሮፕሮሰሰር የጋራ ናቸው። በአንጻሩ ኮምፒውተር ምህንድስና ፈልጎ ሲቪል የተመደበ ተማሪ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የአፈር መካኒክስ፣ የኮንክሪት መዋቅርና የውሃ ሀብት ይጠብቁታል፤ ከፈለገው ዘርፍ ጋር የሚጋራው ሒሳቡን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የዘርፉን ስም ብቻ አይቶ መፍረድ እንደሚያሳስት በዚሁ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል። ኬሚስትሪ ስለሚወዱ ኬሚካል ምህንድስናን የሚመርጡ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ሲገቡ የሚያገኙት ግን በአመዛኙ የቁስና የኃይል ሚዛን ስሌት፣ የሙቀት ዝውውርና ድብልቅን የመለየት ሂደት ነው።

2. «ገብቼ እቀይራለሁ» የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ ያረጋግጡ

ብዙዎች ዝነኛውን ኮሌጅ የሚመርጡት ከገቡ በኋላ ዘርፍ እንደሚቀይሩ ተስፋ አድርገው ነው። ይህ በአንዳንድ ተቋማት ቀላል ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች ሁሉ አንድ የጋራ ዓመት ተምረው ከዚያ በኋላ ዘርፍ ይመርጣሉ። በሌሎች ዘንድ ግን ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ትምህርት ክፍል ይመዘገባል፣ ተፈላጊዎቹ ዘርፎችም ቦታቸው ስለሚሞላ ዝውውር የሚፈቅዱት በውድድር ነው። በጋራ ዓመት የሚያስተምረው ተቋም እንኳ ምርጫውን ሁልጊዜ ለተማሪው ፍላጎት አይተውም፤ ተፈላጊው ዘርፍ ከቦታው በላይ አመልካች ካለው በአማካይ ውጤት ያወዳድራል።

ስለዚህ ለመዝገብ ቤቱ ወይም ለትምህርት ክፍሉ በኢሜይል ይጻፉና የዝውውር ማመልከቻ መቼ እንደሚቀርብ፣ ዝቅተኛው አማካይ ውጤት ስንት እንደሆነ፣ ያንን ውጤት ያሟላ ተማሪ በቀጥታ ይገባ እንደሆነ ወይስ ለውድድር ብቻ ይቀርብ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመትም ካመለከቱት ስንቱ እንደተፈቀደላቸው ይጠይቁ። «ጎበዝ ተማሪ ከሆንክ ችግር የለም» የሚል የቃል መልስ እንደ መልስ አይቆጠርም፤ እዚያ ኮሌጅ የገባው ሁሉ ጎበዝ ነው። ግልጽ ደንብ ካላገኙ የተመደቡበት ዘርፍ የመጨረሻው እንደሆነ አድርገው ያስሉ፤ በዚያ ዘርፍ ተመርቀው መውጣት የማይቀበሉ ከሆነ ኮሌጁን መተው ይሻላል።

3. የፕሮግራሙን እውቅና ይመልከቱ

በምህንድስና እውቅና የሚሰጠው በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም እንጂ ለተቋሙ በጅምላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 የተመሠረተው የአሜሪካው የምህንድስና ፕሮግራሞች እውቅና ሰጪ ድርጅት አቤት (ABET) የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ እውቅና ያለው ሲቪልና እውቅና የሌለው አዲስ ፕሮግራም ጎን ለጎን ሊኖሩት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 በስድስት አገሮች የእውቅና ሰጪ አካላት የተፈረመውና ዛሬ ከ20 በላይ አባላት ያሉት የዋሽንግተን ስምምነትም (አባላቱ አንዳቸው የሌላውን የምህንድስና ፕሮግራም እውቅና የሚቀበሉበት ውል) የሚመለከተው እውቅና የተሰጣቸውን ፕሮግራሞች ነው። ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው እንደ ሲቪል ያለ፣ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅበትን ዘርፍ የሚመርጥ ተማሪ ነው። የሚፈልጉት ዘርፍ በትንሹ ኮሌጅ እውቅና ከሌለው፣ ፍላጎትዎ የቱንም ያህል ቢበረታ ይህ ብቻውን ሚዛኑን ሊያዞር ይችላል።

4. «የተሻለ» የተባለው በምን እንደሆነ ይጠይቁ

የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሰንጠረዥ የሚለካው ነገር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሚፈልገው ጋር ላይገጥም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የሻንጋይ ደረጃ 30 በመቶውን ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤል ሽልማትና በሒሳብ ለሚሰጠው የፊልድስ ሜዳሊያ ነው፤ ይህን ሽልማት ያገኘው ምሁር ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ስታቲክስ ላያስተምርዎት ይችላል። ከአጠቃላይ ደረጃው ይልቅ ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት ቤተ ሙከራ እንደሚገባ፣ አንድን መሣሪያ ስንት ተማሪ እንደሚጋራ፣ የተግባር ልምምድ ቦታ ተቋሙ ያመቻች እንደሆነ ወይም ተማሪው ራሱ ይፈልግ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን ርዕስም ይመልከቱ፤ በየዓመቱ የሚደጋገሙና በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀሩ ከሆነ ስለ ትምህርት ክፍሉ ብዙ ይናገራሉ። በሌላ በኩል የትልቅ ኮሌጅ ጥቅም ተረት አይደለም። ቀጣሪዎች በብዛት ወደ ታወቁ ተቋማት ይሄዳሉ፣ አብረው የሚማሩት ልጆች ብርታትም ወደ ላይ ይጎትታል፤ ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው ተማሪው ለተመደበበት ዘርፍ ጉልበቱን ሲሰጥ ነው።

5. ፍላጎትዎን ራሱን ይፈትኑ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የእኔ እምነት ግን ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው እሱ ነው። ስለ ሮኬት የተሠሩ ቪዲዮዎችን መውደድና ኤሮስፔስ ምህንድስናን መውደድ አንድ አይደሉም። በሁለቱም ዘርፎች የሁለተኛ ዓመት መማሪያ መጽሐፍ ያግኙና የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች መልመጃ ለመሥራት ይሞክሩ። ጥያቄው መክበዱ አያስደንግጥዎ፤ ሲያቅትዎት ወደ መፍትሔው ገጽ ለመሮጥ ወይስ እንደገና ለመሞከር እንደሚከጅሉ ይታዘቡ። የዘርፉን ሠራተኛ ካገኙ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደዋለ ይጠይቁት፤ ስለ ሙያው ክብር የሚነግርዎትን ያህል ስለ ዕለት ሥራው ላይነግርዎት ስለሚችል ጥያቄው ጠበብ ይበል።

6. ወጪውንና ቀነ ገደቡን ያስሉ

ልዩነቱ ትልቅ ዕዳ የሚያመጣ ከሆነ ርካሹ ያሸንፋል፤ ዕዳ ያለበት ምሩቅ የሚወደውን ሥራ እስኪያገኝ የመታገስ አቅሙ ያንሳል። የክፍያውን መጠን ሲያወዳድሩ የአንዱን ዓመት ሳይሆን እስከ ምርቃት ያለውን ሁሉ ይደምሩ፤ ዘርፍ መቀየር የሚያስከትለው ተጨማሪ ሴሚስተርም ካለ አብሮ ይቆጠር።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው በሦስት መልክ ይመጣል። ዘርፎቹ ተቀራራቢ ከሆኑና የጎደሉት ኮርሶች በምርጫ የሚገኙ ከሆነ የተሻለውን ኮሌጅ ይያዙ። ዘርፎቹ የተራራቁ ከሆኑና ፍላጎትዎ ፈተናውን ካለፈ፣ እውቅና ያለውን ዘርፍ በትንሹ ኮሌጅ ይማሩ፤ ዝናውን በድህረ ምረቃ ሊያገኙት ይችላሉ። ፍላጎትዎ ገና ያልጠራ ከሆነ ደግሞ የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ያለውንና የዝውውር ደንቡን በጽሑፍ የሰጠዎትን ተቋም ያስቀድሙ። ለኢሜይልዎ መልስ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ጥያቄውን ከምዝገባ ቀነ ገደቡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይላኩ።