ስለ ተማሪነት ዘመንና ስለ ቤተሰብ ጫና ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያው ረቂቄ 212 ገጽ ነበር። ታሪኩ የአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አባቱ ሐኪም እንዲሆንለት ይፈልጋል፣ የልጁ ልብ ግን ሥዕል ላይ ነው። መጀመሪያ ያነበበችው ታላቅ እህቴ ናት። እርሳስ ይዛ አንብባ ስትመልስልኝ ምልክት ያደረገችው አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። አባትየው ሁለት ገጽ ሙሉ በሚጮህበት ቦታ፣ ኅዳጉ ላይ «ይሄ ሰውዬ ማታ ምን በልቶ ነው የሚተኛው?» ብላ ጽፋለች። አላውቅም ነበር። ለካ የጻፍኩት ጩኸት እንጂ አባት አልነበረም። ያንን ረቂቅ ትቼ እንደ አዲስ ስጀምር ሌላ ሦስት ዓመት ወሰደብኝ። ከዚህ በታች ያለውን የተማርኩት በእነዚያ ሦስት ዓመታት ነው።

መጀመሪያ ዓመቱን ወስኑ

ስለ ተማሪ ሕይወት ሲጻፍ «በአንድ ወቅት፣ በአንድ ከተማ» አይሠራም። በአገራችን የተማሪ ዕጣ የሚወጣው በፈተና ነው፤ ፈተናው ደግሞ ከዓመት ዓመት መልኩን ይቀያይራል። ገጸ ባህሪያችሁ ግንቦት 2008 ላይ 12ኛ ክፍል ከሆነ፣ ስንት ሌሊት ያጠናለት ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ ያያል፤ ከዚያ ደብተሩን እንደገና መግለጥ አለበት። 2012 ከሆነ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ጓደኞቹን በስልክ ብቻ ያገኛል፣ ከአባቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ይጀምራል። የ2014 ተፈታኝ ከሆነ ደግሞ 2015 እንደጠባ ሻንጣውን ይዞ፣ ስልኩን ቤት ትቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እያደረ ነው የሚፈተነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ልቦለዱ ውስጥ ማስገባት የለባችሁም። ሰፈሩን ግን ይቀይረዋል። በሌላ ዓመት የወደቀ ልጅ ብቻውን ያፍራል፤ በዚያ ዓመት ግን ያለፈው ልጅ እናት እልል ለማለት ትሳቀቃለች።

ዓመቱን ከወሰናችሁ በኋላ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በ2014 18 ዓመት የሞላው ልጅ የተወለደው በ1996 ነው። አባቱ በ33 ዓመቱ ወልዶት ከሆነ ልደቱ 1963 ነው። 18 ሲሞላው 1981 ደረሰ ማለት ነው፤ ዘመኑ ደርግ፣ ጦርነት፣ ብሔራዊ ውትድርና። በልጁ ዕድሜ እሱን እንቅልፍ የሚነሳው አፈሳ ነበር። ልጁ «እኔ ሥዕል ነው የምፈልገው» ሲለው አባትየው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ይህን ቀላል ስሌት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አልሠራሁም ነበር፤ ብሠራው ኖሮ ያ ሁሉ ጩኸት ባላስፈለገኝም።

ትምህርት ቤቱ ቀላሉ ነው። ሰልፉን፣ ፈረቃውን፣ ሞዴል ፈተናውን፣ አጤሬራውን፣ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» የሚለውን አንባቢ ኖሮበታል፤ አታብራሩት። አንድ ነገር ብቻ እመክራለሁ፦ በአንድ ወረቀት ላይ የክፍሉን አቀማመጥ ሣሉ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ከቀለሜዋ ጀርባ ማን ተጠግቷል? መስኮቱ ጋ ማን አለ? መምህሩ በየካቲት ቦታ ሲያቀያይራቸው የሚፈርሰው ጓደኝነት የቱ ነው? እኔ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር፤ ሴራው በጠፋብኝ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ከባዱ፦ ጫናው እንዴት ይነገራል?

ከመጀመሪያው ረቂቅ አንድ መስመር ላሳያችሁ። አባትየው ለልጁ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ለአንተ ስንት መሥዋዕትነት ከፍያለሁ! አንተ ግን ሕልሜን ገደልከው!» እንዲህ የሚናገር አባት መድረክ ላይ እንጂ በማንም ቤት ሳሎን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

በቤታችን ጫና አብዛኛውን ጊዜ በቁጣ አይመጣም። በምርቃት ይመጣል፦ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ፣ እኔንም የምታክመኝ ያድርግህ»። በቁልምጫ ይመጣል፦ እናት ጠዋት «ዶክተሬ፣ ተነስ» ብላ ትቀሰቅሳለች። በእንግዳ ፊት ይመጣል፤ ቡና ላይ የጎረቤት ልጅ ውጤት ይነሳል፣ ልጁ ከስኒው ቀና አይልም። በምግብ ይመጣል፤ ፈተና ሲቃረብ እንቁላል ለእሱ ብቻ ይጠበሳል፣ ታናናሾቹም ዝም ብለው ያዩታል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስለሚወዱት ነው። ልጁም መውደዳቸውን ያውቃል፤ ጩኸት ቢሆንማ በር ዘግቶ ይወጣ ነበር፣ ከምርቃት ግን ወዴት ይሄዳል? ልቦለዳችሁ ውስጥ ጫና የሚባል ቃል ባይኖርም ግድ የለም። እንቁላሉን ታናሽ ወንድሙ እያየው እንዲበላ አድርጉት።

ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሞልቶታል። አባት ሲከፋው ልጁን አያናግርም፤ ልጁ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ ለሚስቱ «ለልጅሽ ንገሪው» ይላል። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትለዋለች፦ «ነይ እስቲ፣ ይህቺን ጉረሺልኝ»። ለአሥር ምዕራፍ «አንቺ» ስትለው የነበረችው እናት አንድ ቀን «አንተ» ካለችው፣ «ተቀየመችው» ብላችሁ መጻፍ አያስፈልጋችሁም።

እኔን በጣም ያለፋኝ የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ቤት የገባበት ትዕይንት ነው። 11 ጊዜ ጽፌዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች እናትየው ታለቅሳለች፤ ሰረዝኩት። በሌላው ልጁ እግሯ ላይ ወድቆ ይናዘዛል፤ ያንንም ሰረዝኩት፣ ምክንያቱም ከተናዘዘ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ የቀረው መጽሐፍ የሚንቀሳቀስበት ጉልበት አይኖረውም። በመጨረሻ የቀረው ግማሽ ገጽ ይህን ይመስላል፦

እናትየው ማንበብ አትችልም። ካርዱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትወስደዋለች። ቁጥር ባትለይም ቀለም ትለያለች፤ ከ50 በታች በቀይ እንደሚጻፍ ከትልቁ ልጇ ዘመን ጀምሮ ታውቃለች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያደረገች ትወስደዋለች። ሒሳብ ላይ ይቆማል። «ይቺስ ምንድን ናት?» ትላለች። «የመምህሩ ፊርማ ናት» ይላታል። ጣቷ ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚያ ካርዱን የቤቱ ካርታ ያለበት ፌስታል ውስጥ ትከተዋለች፣ ፌስታሉንም ሁለት ጊዜ ትቋጥረዋለች። «እጅህን ታጠብ፣ ምሳ ቀርቧል።»

እስከዚያ ገጽ ድረስ «እጅሽን ታጠቢ» ነበር የምትለው።

ይህን ገጽ ያገኘሁት ከልቦለዱ ውጭ ሌላ ገጽ ስለጻፍኩ ነው። «የወላጅ ገጽ» እለዋለሁ፣ ማንም አዲስ ጸሐፊ እንዳይዘልለው አጥብቄ እመክራለሁ። ልጁ በሌለበት የአባትን ወይም የእናትን አንድ ሙሉ ቀን ጻፉ፤ ገንዘቡንም በብርና በሳንቲም አስቀምጡ። የእኔ ገጸ ባህሪ አባት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ቀኑ ከወሩ 25ኛው ነው፣ ደመወዝ አልቋል፣ ዕቁብ ደርሷል፣ የቲቶሪያል ክፍያ ገና ነው። ለልጁ የታክሲ ሰጥቶ እሱ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ በእግሩ ይሄዳል። ማታ ድካሙን አይናገርም፤ በር ላይ ጫማውን አውልቆ አቧራውን ያራግፋል። ከዚህ ሁሉ ወደ ልቦለዱ የገባው የጫማው አቧራ ብቻ ነው። ልጁ የንጽሕና አመል ይመስለዋል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ምዕራፍ 19 ላይ ነው። የእህቴን ጥያቄ የመለስኩትም እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ ሰውዬው ማታ የሚበላው ልጆቹ ያስተረፉትን ነው፣ «ከሥራ ቦታ በልቼ መጣሁ» እያለ።

ገጸ ባህሪያችሁ ሴት ልጅ ከሆነች ገንዘቡን ተዉትና ሰዓቱን ቁጠሩ። ከትምህርት ቤት ከተመለሰች ጀምሮ እስከ ማታ 3 ሰዓት ያለውን በደቂቃ ጻፉ፦ ቡናው፣ ዕቃ ማጠቡ፣ ሱቅ መላላኩ፣ ሕፃን ማስተኛቱ። በዚያው ሰዓት ወንድሟ ደብተር ገልጦ ተቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ ገጸ ባህሪያቱ ስለ እኩልነት እንዲከራከሩ ማድረግ አይኖርባችሁም።

የሰው ታሪክ ስትወስዱ ተጠንቀቁ

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን እናገራለሁ። አብራኝ የተማረች ጓደኛ ነበረችኝ፤ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ቤይሩት ሄዳ ሠርታ የተመለሰች። የእሷን ታሪክ አንድ ምዕራፍ አደረግሁት። ስሟን ቀየርኩ፣ ሰፈሯን ቀየርኩ፣ የወንድሞቿን ቁጥር ሳይቀር ቀየርኩ። ክርኑ ላይ በሌላ ክር የተጣፈውን ሰማያዊ ሹራቧን ግን ስለወደድኩት ተውኩት። ረቂቁ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር እጇ ገባ። በሹራቡ ራሷን አወቀች። ያንን ሹራብ የጣፉላት ከመሄዷ በፊት የነበሩት፣ ስትመለስ ያላገኘቻቸው እናቷ ነበሩ። ከአንድ ዓመት በላይ ስልኬን አላነሳችም። ምዕራፉን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ስም መቀየር በቂ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሰው የሚታወቀው በሹራቡ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከፈቀደች ጻፉ፣ ካልፈቀደች የራሳችሁን ሹራብ ፈልጉ።

ስለ መጻፊያው

የመጀመሪያውን ረቂቅ በእስኪሪብቶ በደብተር መጻፍ እመርጣለሁ፣ በተለይ የትምህርት ቤት ትዕይንቶችን፤ ባለመስመሩ ደብተር ራሱ ብዙ ነገር ያስታውሳል። ስልክ ለምልልስ ጥሩ ነው፤ ታክሲ ውስጥ የሰማችሁትን ወዲያው ትይዙበታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጡ በዩኒኮድ መጻፋችሁን አረጋግጡ። እኔ በድሮው ፓወር ግዕዝ የጻፍኩትን 40 ገጽ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አንድም ፊደል አልነበረም፤ ሁሉም ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ።

መጨረሻው

ውጤት የወጣበትን ቀን የመጨረሻ ምዕራፍ አታድርጉት። አለፈ ወይም ወደቀ ብሎ መጨረስ አንባቢ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የሚጠብቀው ነው። ከውጤቱ በኋላ ያሉትን አሥር ቀናት ጻፉ። እናት «ዶክተሬ» ብላ ልትቀሰቅሰው አፏ ላይ ሲደርስ ምን ብላ ትተካዋለች? እንቁላሉ ለማን ይጠበሳል? ዘመኑ ከ2015 ወዲህ ከሆነ የሪሜዲያል ዕድልም አለ፤ ያላለፈ ግን ሙሉ በሙሉ ያልወደቀ ልጅ፣ በቤቱ ውስጥ ደስታና ሐዘን አንድ ላይ የተቀመጡበት። ለልቦለድ ከዚህ የተሻለ መሬት አላውቅም።

ሲያልቅ ለሁለት ሰው አስነብቡት፤ ለአንድ ተማሪና ለአንድ ወላጅ። ተማሪው የቋንቋውን ስህተት ይነግራችኋል፤ በእናንተ ዘመን የነበረው የተማሪ አራዳ ቋንቋ ዛሬ የለም። ለወላጅነት እኔ የመረጥኩት ጎረቤታችንን ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት ናቸው፣ ዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ምዕራፍ 19ን ራሴ አነበብኩላቸው። የጫማው አቧራ ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ስለ አባትየው አንድም ቃል አልተናገሩም። «ቆይ፣ የታክሲውን ዋጋ ተሳስተሃል» አሉኝ፣ የዚያን ዓመት ታሪፍ ከነሳንቲሙ ነገሩኝ። ሳስተካክል ቁጭ ብለው ጠበቁኝና «ቀጥል» አሉ።