«አቤት» ከማለት የሚያስቀሩን ስህተቶች፦ ስለ ጥሪ፣ ስለ አገልግሎትና ስለ ምስክርነት ከጎጃም

በልጅነቴ እናቴ ከጓዳ ሆና ስትጣራ «ወዬ» ካልኳት ቁንጥጫ ነበር። «ወዬ» ለእኩያ ነው፤ ለታላቅ «አቤት» ይባላል። «አቤት» ያለ ልጅ ደግሞ በተቀመጠበት አይቀርም። ብድግ ብሎ ይሄዳል፤ የሚታዘዘውን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ስለ እግዚአብሔር ጥሪ ልጆችን ሳስተምር ሁልጊዜ የምነሣው ከዚህ ነው።

በጎጃም በአንዲት ትንሽ ቁምስና (የአንድ አጥቢያ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር) የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪና የቁምስናው ምክር ቤት አባል ሆኜ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። ካቶሊኮች እዚህ ጥቂት ነን። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባ ተለይቶ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ከጎጃም እስከ ወሎ ያለው አገር ሰፊ፣ ካህናቱ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የምእመን አገልግሎት ለእኛ ጌጥ አይደለም፤ ከሌለ ቁምስናው ቀጥ ይላል። ያየኋቸውን ስህተቶች፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን፣ አንድ በአንድ ላስረዳ።

«ጥሪ የካህንና የሲስተር ነው» ማለት

«እገሌ ጥሪ አለው» ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ዘርዐ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) የሚገባ ልጅ ነው። ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ከ1962 እስከ 1965 የተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን ቅድስና የተጠመቀ ሁሉ ጥሪ መሆኑን አስተምሯል። ምእመናን በሐዋርያዊ ሥራ የሚሳተፉት ካህኑ ሥራ ስለበዛባቸው ሊያግዟቸው ብቻ አይደለም፤ መብቱም ግዴታውም ከጥምቀትና ከሜሮን የመጣ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «አባን ላግዝ» ብሎ የመጣ ሰው አባ ሲቀየሩ አብሮ ይጠፋል። የተጠራ ሰው ይቆያል።

ደግሞም አብዛኛው ጥሪያችን ከቅጥሩ ውጭ ነው። ሲያርስ የጎረቤቱን ድንበር የማይገፋ ገበሬ፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት የማታመናጭቅ አዋላጅ፣ ያልገባውን ተማሪ «ደደብ» የማይል መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ጥሪያቸውን እየመለሱ ነው። በመዘምራን ልብስ ስላልታዩ ብቻ «አገልጋይ አይደሉም» አንበል።

ከሰማይ ድምፅ መጠበቅ

ብላቴናው ሳሙኤል ሌሊት በስሙ ሲጠራ ሦስት ጊዜ የሮጠው ወደ ዔሊ ነው። ድምፁን የሰማው ልጁ ነው፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የነገረው ግን ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ነው፤ እርሱም ቢሆን ነገሩ የገባው በሦስተኛው ነው። እግዚአብሔር የሚጠራንን በሰው አፍ እንድንረዳው ያደርጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ የማንጠብቀው ነው።

እኔን የጠሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ደጃቸው ላይ ስንዴ በሰፌድ እያበጠሩ ነበር፤ ገለባው ነጠላዬ ላይ እየበነነ ቆሜ ሰላም ስላቸው፣ ቀና ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ይሰማል። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ደክሟል። ለምን አታነብልንም?» አሉኝ። ያን ዕለት እንደ ጨዋታ ሰማሁት። በሚቀጥለው እሁድ ከዳር ተቀምጠው ንባቡን ለመስማት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሳያቸው ነው ጥሪ መሆኑ የገባኝ።

ክህነትን ወይም የምንኩስናን ሕይወት የሚያስብ ወጣት ካለ የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ሰፈሩ ሁሉ ከማወቁ በፊት ወላጆችህ ከአንተው አንደበት ይስሙ፤ ከዚያ ጊዜ ስጠው። ለዚህ ሕይወት የሚያዘጋጀው ምስረታ ብዙ ዓመት የሚፈጀው ልጁም ቤተ ክርስቲያኗም አብረው እንዲመረምሩ ነው። እኛ ደግሞ ከዘርዐ ክህነት ወጥቶ የተመለሰውን ልጅ ጥፋት እንደሠራ አድርገን ማየት እናቁም። መርምሮ «የእኔ አይደለም» ማለትም ለጥሪ የተሰጠ ሐቀኛ መልስ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በሐሜት ምክንያት ቅዳሴ መምጣት ሲያቆም አይቻለሁ፤ ያ ጥፋት የእኛ ነበር።

ቁልፉን ሁሉ ብቻን መያዝ

ይህን የማወራው ስለ ራሴ ነው። የንዋየ ቅድሳቱ ሣጥን፣ የአዳራሹ፣ የመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ቁልፎች በአንድ ቀይ ክር ታስረው ስድስት ዓመት ኪሴ ውስጥ ኖረዋል። ሆነ ብሎ የሰጠኝ የለም፤ አንድ አንድ እያሉ እኔ ዘንድ ተሰበሰቡ። «ትጉህ ነው» ስባል ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ታይፎይድ ይዞኝ ሆስፒታል ገባሁ። እሁድ ጠዋት ካህኑ ከሩቅ መንገድ ሲደርሱ ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ልብሰ ተክህኖው፣ ዕጣኑ፣ ጧፉ ሁሉ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ደጅ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ቁልፉን ከትራሴ ሥር ወሰደ። እጁ ላይ ሳስቀምጥለት «ጋሼ፣ የትኛው የትኛው ነው?» አለኝ። አንዱንም አያውቅም ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አላሳየሁም።

ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ አንተም ትደክማለህ ሕዝቡም ይደክማል ብሎታል። ሁለተኛውን እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ሥራን ብቻውን የሚይዝ ሰው የሚደክመው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች «አቤት» የሚሉበትን ቦታም ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቅጂ አስቀረጽን፤ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ሁለት ሁለት ሰው መደብን፤ በምክር ቤቱም አንድ ሰው በአንድ ኃላፊነት ላይ ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ተስማማን። ኋላ መንገድ ተዘግቶ ካህን ለሳምንታት ሳይደርስ በቀረበት ሰሞን ምእመኑ አልተበተነም፤ ንባቡን የሚመሩ፣ የመቁጠሪያ ጸሎት የሚያደርሱ፣ ሕመምተኛ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። (በነገራችን ላይ፣ ካህን በሌለበት የምንመራው ጸሎት ቅዳሴ አለመሆኑን ለሕዝቡ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። የቁርባን ናፍቆት በምንም መሸፈን የለበትም።)

ምስክርነትን ሙግት ማድረግ

በጎጃም ለሚኖር ካቶሊክ ከሁሉ የከበደው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የምንኖረው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን መካከል ነው። ቅኔው፣ ገዳማቱ፣ ጾሙ፣ በዓላቱ ለዘመናት ሕዝቡ የኖረባቸው ናቸው፤ እኛም በግዕዝ ሥርዓት ስንቀድስ የምንቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው። «ካቶሊክ» የሚለው ስም ግን እዚህ አሮጌ ቁስል ይነካል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ኋላም ከውጭ በመጡት በካቶሊኩ ፓትርያርክ በአፎንሶ ሜንዴዝ ዘመን ሕዝቡ የኖረበትን ሥርዓት በትእዛዝ ለመለወጥ ሲሞከር አገሩ በደም ተነከረ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከዚያ በፊት ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ የዓባይን ምንጭ ያየው ቋንቋውን ተምሮ፣ በትዕግሥት ከሰው ጋር እየኖረ ነው። የጉልበቱ መንገድ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ለአራት መቶ ዓመት የሚሆን ጥርጣሬ ተከለብን። ይህን ሳያውቅ ለመመስከር የሚነሣ ካቶሊክ የሚረግጠው ምን ላይ እንደሆነ አያውቅም።

እኛም የራሳችን ቁስል አለን። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በመርጡለ ማርያም አካባቢ በዲቦ የተወለዱ የጎጃም ሰው፣ አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡ መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። ጣሊያናዊውን ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስን ተዋውቀው በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1855 ስለ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው (ቅዱስ ከመባል የሚቀድመው ማዕረግ) ታወጀ። የእርሳቸውን ታሪክ ለጎረቤቶቻችን ስንነግር ብዙ ጊዜ «ማን አሰራቸው» በሚለው እንጀምራለን። ይህ እርሳቸውን ማቅለል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገዳም ገዳም እየተዘዋወሩ እውነትን የፈለጉ ሰው ናቸውና በፍለጋቸው እንጀምር። ያን ፍለጋ የጎጃም ሰው፣ የቅኔ ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ጊዜ በልቅሶ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ በእመቤታችን አታምኑም አይደል?» አለ። አብሮኝ የነበረው ወጣት በመጽሐፍ የበሰለ ልጅ ነው፤ ተቆጣና ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ማስረዳቱን ተያያዘው። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። የልቅሶው ባለቤት ከሣር ላይ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ ዛሬ ልጄን ነው የቀበርኩት» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ንፍሮ ይዞ የነበረው ሰው እንኳ ባለበት ቆመ።

ማታ ስንመለስ ልጁ አለቀሰ። አልገሠጽኩትም። በማግስቱ ሁለታችን አራት ጀሪካን ይዘን ለሠልስቱ ውኃ ስንቀዳ ዋልን፤ እርሱ እንጨት ፈለጠ። ከወራት በኋላ እኚያው እናት ገበያ ላይ አግኝተውት «እናንተስ ፍልሰታን ትጾማላችሁ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ እማማ፣ እንጾማለን፤ የእመቤታችን አይደል!» አላቸው። ከዚህ በላይ አላወራም።

የጴጥሮስ መልእክት ስለ ተስፋችን መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ሲያዝ «ለሚጠይቁአችሁ» ይላል፤ ያልጠየቀን ሰው አላነሣም። ቀጥሎም «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። እምነታችንን ማጥናት ግዴታችን ነው፤ ሲጠየቅ መልሱን የማያውቅ አስተማሪ ሰው ያሳስታል። ነገር ግን በእድሩ መዋጮ ያለበት፣ በደቦ የማይቀር፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ካቶሊክ ካልሆንን መልሳችንን የሚሰማ አይኖርም።

ርዳታን ማጥመጃ ማድረግ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ስንዴ፣ ዘይት ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ስትሰጥ «እሁድ ና» የሚል ቃል አይከተል፤ በዓይንህም አትጠይቅ። የቫቲካን ጉባኤ ራሱ ሰውን በግዳጅም ሆነ በማባበል ወደ እምነት ማምጣትን አጥብቆ ከልክሏል። የተፈናቀለ ሰው ደጅህ ሲደርስ የሚራበው እንደ ማንም ሰው ነው። በመዝገብህ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ዓምድ ካለ አውጣው፤ እኛ አውጥተነዋል።

«ስሜ አልተጠራም» ብሎ ማኩረፍ

በበዓል ቀን የምስጋና ስም ሲነበብ አንድ ሰው ይዘለላል፤ በሚቀጥለው እሁድ ያ ሰው የለም። በትንሽ ቁምስና ውስጥ አንድ ኩርፊያ ግማሽ የመዘምራን ቡድን ይዞ ይሄዳል። የሚያገለግል ሰው ምስጋና መውደዱ ኃጢአት አይደለም፤ ምስጋናን የሚነፍግ ኃላፊ ግን ያጠፋል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን እመክራለሁ። ኃላፊው፣ ስም ከማንበብህ በፊት ዝርዝሩን ለሁለት ሰው አሳይ። ያኮረፍከው ወንድም፣ ቅያሜህን ለሦስተኛ ሰው ሳይሆን ለባለቤቱ ንገር፤ ቂም ይዘህ ወደ ቁርባን አትቅረብ። ሽማግሌ ካስፈለገ ሽማግሌ አለን፤ እርቅ በአገራችን የታወቀ ነው።

ቅዳሴውን ደጅ ሆኖ ማገልገል

ቅዳሴ እየተቀደሰ ኩሽና ውስጥ የጸበል ጸዲቁን ቆሎ የሚቆላ፣ ወንበር የሚደረድር፣ ስልክ እያነሣ እንግዳ የሚቀበል ሰው አለ። ለዓመታት እንዲህ ሆኖ ወንጌል ሳይሰማ የኖረ አውቃለሁ። ቆሎው ቅዳሜ ማታ ይቆላ። ቤቱን ረስቶ በየማታው ለመዝሙር ልምምድ የሚወጣ አባትም እንደዚሁ ነው፤ ልጆቹ ከእርሱ ጋር ጸልየው የማያድሩ ከሆነ የመጀመሪያ ቁምስናው ባዶ ሆኗል።

«አርጅቻለሁ፣ ፊደል አልቆጠርኩም» ማለት

አባ ገብረ ሚካኤል ክህነት የተቀበሉት በ1851 ነው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ነበር።

በእኛ ቁምስና አንድ አዛውንት አሉ። አያ እንላቸዋለን። ማንበብ አይችሉም፤ የቅዳሴውን ተሰጥዎ ግን ከልጅነታቸው በጆሯቸው ይዘውታል። አንድ ቀን ልጆቹ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ሲሉ ዜማው ጠፍቷቸው ሲንተባተቡ እርሳቸው ከኋላ ሆነው በቀስታ አነሡላቸው፤ ልጆቹም ተከተሉ። ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ «አያ፣ ልጆቹን ቢያስተምሩልንስ?» አልኳቸው። «እኔ? ፊደል ያልቆጠርኩት?» ብለው ዝም አሉ። በትራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው «በስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉኝ።

አሁን እሁድ እሁድ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። በሩን የሚከፍቱት በራሳቸው ቁልፍ ነው። ሲጀምሩ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ባለፈው እሁድ ሰባት ቆጠርኩ።