እርዳታ ለመጠየቅ ከመሄዳችሁ በፊት

ኑሮ ከብዷችሁ የሆነ የእርዳታ ፕሮግራም ላይ ለመመዝገብ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይቺን ልንገራችሁ። ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚጓተተው ሰውየው ችግረኛ ስላልሆነ ሳይሆን ወረቀት ስለሚጎድለው ነው። ስለዚህ መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ አድራሻችሁን የሚያሳይ ነገር (የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ይሆናል) እና የገቢ ማስረጃ ኮፒ አድርጋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሷቸው። ኦሪጅናሉን ግን ቢሮው ጋ ጥላችሁ እንዳትመጡ!

ደግሞ መብራት እስኪቆረጥ ወይም አከራይ ውጡ እስኪል አትጠብቁ። ማስጠንቀቂያው እንደመጣ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ራሱ ማስረጃ ነው።

እዚያ ስትደርሱ ስለ ምግብ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የታመመ ሰው ካለ በግልጽ ተናገሩና «ሌላስ እኛን የሚመለከት ነገር አለ?» በሉ። ለኪራይ፣ ለሕክምና ወይም ለልጆች ትምህርት የሚረዳው ሌላ ቢሮ ሊሆን ይችላል፣ ካልጠየቃችሁ ደግሞ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። አውቃለሁ፣ ያሳፍራል፤ እነሱ ግን በየቀኑ የሚሰሙት ነው።

አይሆንም ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ይግባኝ የሚባልበትን ቀነ ገደብም እንዲሁ። ሥራ ካጣችሁ ወይም ልጅ ከተወለደ መልሳችሁ አመልክቱ፣ ውጤቱ ሊቀየር ይችላል።

«ቶሎ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ግን በቃ፣ ትታችሁት ሂዱ።