ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሽብሽብ የፀጉር ማስያዣ እንዴት ይሰፋል?

በጅማ ሕርማታ መርካቶ አካባቢ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች፣ ማምሻውን ከእግራቸው ሥር ጠርገው በማዳበሪያ ከረጢት የሚያጭቁት ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቀሚስም ሆነ ለሸሚዝ አይበቃም፤ ለሽብሽብ የፀጉር ማስያዣ ግን ይተርፋል። በደንበኝነት ለሚያውቁት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዋጋ ይሰጡታል። ከረጢቱን ሙሉ ተሸክሞ መሄድ ሳይሆን ቁጭ ብሎ መምረጥ ያዋጣል፤ ምክንያቱም የማስያዣው ማማርና አለማማር ከስፌቱ ይልቅ በጨርቁ ላይ ያረፈ ነው።

ስስና ልስልስ ያለ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ፖፕሊን ወይም ሳቲን፣ በደንብ ይሸበሸባል። ጂንስና የካፖርት ጨርቅ ግን ላስቲኩ ሊሰበስባቸው ስለማይችል ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ጨርቁ ጥጥ ይሁን ሰው ሠራሽ ለመለየት ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ካውያው ምን ያህል መሞቅ እንዳለበት ለመወሰን ነው።

ጥጥ ከታጠበ በኋላ ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት። በጅማ ዝናቡ ከብዙ የአገራችን አካባቢዎች ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚዘንብ፣ የታጠበው ቁርጥራጭ በደንብ ሳይደርቅ ተጣጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ በገመድ ላይ ነጣጥሎ ማስጣቱ ይሻላል። ደማቅ ቀለም ያለውን ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳላደርግ ከቀይ ፖፕሊን የሰፋሁት ማስያዣ፣ ዝናብ የመታት የእኅቴን ልጅ ነጭ ነጠላ በአንገቷ ዙሪያ ሮዝ አድርጎባታል።

ለአንድ ማስያዣ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ፣ እንዲሁም 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የልብስ ላስቲክ ይበቃል። ጨርቁ ከላስቲኩ ከሁለት እጥፍ በላይ እንዲረዝም የተደረገው ሽብሽቡ እንዲሞላ ነው፤ ርዝመቱ ከቀነሰ ማስያዣው ሙልጭ ያለ ቀለበት ይመስላል። አንድ ወጥ ቁራጭ ካልተገኘ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጮችን መቀጣጠል ይቻላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ከሁለቱም በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት እንደሚሄድ አስቀድሞ መቁጠር ይገባል።

ጨርቁ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ በቁመቱ ይታጠፋል፤ ጠርዞቹ በስፒል ከተያያዙ በኋላ ከዳር 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይሰፋል። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይቀራሉ። መኪና የሌለው ሰው በእጁ ሊሰፋው ይችላል፤ ሆኖም መርፌው በየስፌቱ ትንሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢሄድ ስፌቱ ሲወጠር አይከፈትም። ክሩም ከክንድ ርዝመት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከረዘመ ይተበተባል። (በእጅ ለሚሰፋ ሰው ከወንበር ይልቅ ዝቅ ያለው የጅማ በርጩማ ይመቻል፤ ጉልበት እንደ ጠረጴዛ ያገለግላልና።)

ከዚያም መርፌ ቁልፍ ከአንዱ ጫፍ ላይ ይቆለፍና ራሱ በጨርቁ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በጣት እየተገፋ በሌላው በኩል ሲወጣ፣ ጨርቁ ተገልብጦ ፊቱ ወደ ውጭ ይመጣል። በዚያው መርፌ ቁልፍ ላስቲኩም ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የላስቲኩን ሌላ ጫፍ ሳይዝ መሳቡ ነው፤ ጫፉ ቱቦው ውስጥ ሰጥሞ ይቀርና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ጫፉን ከጨርቁ አፍ ጋር በስፒል መያዝ ይህን ያስቀራል።

ሁለቱ የላስቲክ ጫፎች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርበው ሦስት አራት ጊዜ በመመላለስ ይሰፋሉ። ማስተሳሰር አይመከርም፤ ቋጠሮው ፀጉር ይጎትታል፣ ሲታጠብም ይፈታል። ከዚያ በፊት ግን ላስቲኩ አለመጠምዘዙን በጣት እየዳሰሱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የጨርቁ አንድ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ሌላኛው ጫፍ በውስጡ እንዲገባ ይደረግና፣ ከጨርቁ ጋር በሚመሳሰል ክር በጥቃቅን ስፌት ዙሪያውን ይዘጋል።

ከሐበሻ ልብስ የተረፈ ጥለት ያለው ሰው በዚሁ መንገድ የግንባር ማሰሪያ ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ ጥለት ቶሎ ስለሚተረተር ጠርዙ ወዲያው እንደተቆረጠ መዘምዘም፣ ከሥሩም ስስ የጥጥ ገበር ሊደረግለት ማስፈለጉ ነው። ላስቲኩ ከኋላ በኩል ብቻ ይገባል፤ የማሰሪያው ጠቅላላ ዙሪያም ከራስ ልክ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያጥር ሳያጠብቅ ይይዛል። ጥለቱ ላይ የወርቅ ወይም የብር ቀለም ያለው ክር ካለ፣ ካውያው በቀጥታ እንዳይነካው ነጭ ጨርቅ አልብሶ መተኮስ ይገባል።