ሠራተኛን የሚያስለቅቁ የሥልጣን አሰጣጥ ስህተቶች

ጥሩ ሠራተኛ መልቀቂያ ሲያስገባ ብዙ አሠሪ መጀመሪያ የሚያነሳው ደመወዝን ነው። ኑሮውን መግፋት ያቃተው ሰው መልቀቁ አይቀርም። ነገር ግን ደህና እየተከፈላቸው የሚሄዱም አሉ፤ ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ አለቃ ደጅ መጥናት አንገሽግሿቸው። ለእነዚህ መድኃኒቱ የመወሰን ሥልጣን ነው፤ አሰጣጡ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ።

ኃላፊነቱን ሰጥቶ ሥልጣኑን መከልከል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እንግዳ ያዘዘው ጥብስ ቀዝቅዞ መጣለት እንበል። አስተናጋጇ ልትቀይርለት ትፈልጋለች፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈረመ ግን ማዕድ ቤቱ ሌላ አያወጣም፤ እሱ ደግሞ ባንክ ሄዷል። ቁጣው የሚወርደው እሷ ላይ ነው። እንግዳው ሳይከፍል ቢወጣ ሒሳቡ ከደመወዟ ይቆረጣል። (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ይህን የማያውቅ አሠሪ መብዛቱ ያሳዝናል።) ይህች ልጅ ሌላ ቤት በተመሳሳይ ደመወዝ ቢጠሯት ለምን አትሄድም?

ገደቡን ሳይናገሩ «እንደመሰለህ ወስን» ማለት። ልኩን ያላወቀ ሠራተኛ ፈርቶ ምንም አይወስንም። ሪትዝ ካርልተን ሆቴል የእንግዳን ችግር ለመፍታት ማንኛውም ሠራተኛ ለአንድ እንግዳ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ አለቃ ሳይጠይቅ እንዲያወጣ በመፍቀዱ ይታወቃል። የእናንተ ገደብ 500 ብር ሊሆን ይችላል። ብቻ በግልጽ ይነገር፣ በጽሑፍም ይስፈር።

በመጀመሪያው ስህተት ሥልጣኑን መንጠቅ። በቶዮታ ፋብሪካ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ኃላፊውን ይጠራል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ የማምረቻው መስመር ይቆማል። ገመዱን የሳበው ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቢሰደብ በማግስቱ ማን ይስባል? የተሳሳተን ሰው ለብቻው ጠርታችሁ ምን አስቦ እንደወሰነ ጠይቁት፣ አርሙት፣ ሥልጣኑን ግን ተዉለት።

ሥራ ቆልሎ «አብቅተንሃል» ማለት። የለቀቀ ባልደረባን ሥራ ያለ ጭማሪ መደረብ ብዝበዛ ነው። ሠራተኛው ልዩነቱን ያውቀዋል።

መልቀቂያ እስኪመጣ መጠበቅ። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በዚያ ወር ውስጥ የሚደረግ ልመና ብዙውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው፤ ልቡ ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ራስህ ልትወስነው ስትችል እኔን የጠበቅህበት ጉዳይ ምን ነበር?» መልሶቹን መዝግቡ፤ ደጋግሞ የተነሳውን ጉዳይ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለራሳቸው ልቀቁላቸው።