ቪፒኤን ስትከፍቱ ባንኩ ለሚዘጋባችሁ፦ የጅማን ጉዳይ ከውጭ ለምታስፈጽሙ

ጅማ ቤት የሚያሠራ፣ አጋሮ ቡና የሚያስለቅም፣ ለእናቱ በየወሩ አስቤዛ የሚልክ ዘመድ ሞልቶኛል። እዚህ ቀርቼ ጉዳያቸውን የምከታተለው እኔ ስለሆንኩ ስሞታቸውም ወደ እኔው ይመጣል። «ጋሼ፣ የባንኩ አፕ አላስገባኝም አለ» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር (ሰርቨር) በኩል አዙሮ የሚያወጣ አፕ፣ ከፍተው እንደሆነ ነው። «እሱማ ሁሌም ክፍት ነው» ይሉኛል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው። ዱባይ ያሉት ልጆች ቪፒኤን የጫኑት ለባንክ ብለው አይደለም። ኤምሬትስ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ስለምትዘጋ፣ የእናታቸውን ፊት ለማየት ብለው ነው። ሰርቨሩን አምስተርዳም ላይ ያደርጉና እንደበራ ይረሱታል። ማታ ለለቃሚዎች የሚከፈል ብር ለመላክ የባንክ አፑን ሲከፍቱ ግን ባንኩ የሚያየው ዱባይ ያለችውን ልጅ ሳይሆን አምስተርዳም ያለ ሰርቨር ነው። ትናንት ከዱባይ የገባች ደንበኛ ዛሬ ከሆላንድ ስትመጣበት ሌባ ይመስለውና ይዘጋባታል።

በቪፒኤን መግባታችሁን ማወቅ ለድረ ገጾች ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበት ቁጥር፣ የማን እንደሆነ በይፋ የተመዘገበ ነው። የቤት ኢንተርኔት አድራሻ በቴሌ ድርጅት ስም ይገኛል፣ የቪፒኤን አድራሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር በሚያከራይ ኩባንያ ስም። በዚያ ላይ በአንድ የቪፒኤን አድራሻ ብዙ የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ከመሀላቸው አንዱ ሲያጭበረብር አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባና ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል። «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» እያለ የትራፊክ መብራት የሚያስቆጥራችሁም ለዚህ ነው። የስልካችሁ ጂፒኤስና የሰዓት አቆጣጠርም ያጋልጣችኋል፤ አድራሻው ሆላንድ እያለ ስልኩ የዱባይን ሰዓት ይቆጥራልና።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ገንዘብ የሚነካ ነገር ላይ ቪፒኤኑን አጥፉት። የባንክ አፕ ከባንኩ ጋር የሚነጋገረው በራሱ ምስጢር ቆልፎ ስለሆነ ቪፒኤኑ የሚጨምርላችሁ ጥበቃ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የካፌ ዋይፋይ ካላመናችሁ በሞባይል ዳታ ግቡ። አንድሮይድ ላይ ብዙዎቹ የቪፒኤን አፖች የትኛው አፕ በቪፒኤን እንዲያልፍ፣ የትኛው በቀጥታ እንዲወጣ የሚያስመርጥ ቦታ ሴቲንግ ውስጥ አላቸው። ዋትስአፑን በቪፒኤን፣ ባንኩንና ቴሌብሩን በቀጥታ ማድረግ ነው። አይፎን ላይ ይህ ብዙም አይገኝም፤ ማጥፋትና ማብራት ግድ ይላችኋል። አንዴ ከተዘጋባችሁ ደግሞ አሥር ጊዜ አትሞክሩ፤ በሞከራችሁ ቁጥር ጥርጣሬውን ታጠናክራላችሁ። ወደ ባንኩ ደውሉ።

ገንዘብ የሌለበት ተራ ድረ ገጽ ከሆነ የሚዘጋባችሁ መላው ብዙ ነው። እዚያው አገር ውስጥ ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር ምረጡ። የድሮ ኩኪዎች (ድረ ገጾች ስልካችሁ ላይ የሚተዉአቸው ትንንሽ ማስታወሻዎች) ማንነታችሁን ይዘው ስለሚቀሩ አጽዷቸው፣ ወይም በብራውዘሩ ስውር መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ክፈቱ። የምትኖሩበት አገር ኔትወርክ ራሱ ቪፒኤኑን ለይቶ የሚያፍን ከሆነ በቪፒኤን አፑ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕንቪፒኤን የሚባለውን የግንኙነት ዓይነት ምረጡና በቲሲፒ 443 በር በኩል አድርጉት፤ ተራ ድረ ገጽ የሚመላለስበት መስመር ስለሆነ ጨርሶ መዝጋት ይከብዳል። ከፍላችሁ ለብቻችሁ የምትይዙት አድራሻም ይሸጣል። ነፃ የሚባለውን ግን ተዉት፤ መጀመሪያ ጥቁር መዝገብ ውስጥ የሚገባው የእሱ አድራሻ ነው፣ የትኛውን ድረ ገጽ እንደምትጎበኙ የሚያየውም ባለቤቱ ነው።

ኤምሬትስ ያላችሁ ሕጉንም እወቁ። ቪፒኤን በራሱ አልተከለከለም፤ ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ የተጠቀመበት ግን የገንዘብ ቅጣቱ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነው። ጥሪ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ቦቲም የሚባለው የጥሪ አፕ የተፈቀደ ስለሆነ ለእናታችሁም እሱን አስጭኑላት።

በሩ የሚዘጋው ከእኛ በኩል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ያኔ ቪፒኤን ለማንም አልሠራም፤ ኢንተርኔት ከሌለ እሱም የለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የተዘጉት ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ብቻ ነበሩ፣ ለአምስት ወር ያህል፤ ቪፒኤን የነበረው ሰው ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ ጅማ ባለው የወንድማችሁ ስልክ ላይ ቪፒኤኑ አሁን፣ አገር ሰላም ሳለ ይጫን። ኢንተርኔቱ ጭልጥ ብሎ ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# እንደሚሠራ አሳዩት፤ በ2012ቱ ጊዜ ይህ እንኳን አልነበረም።

ሌላው ራስ ምታት የማረጋገጫ ኮዱ ነው። የባንኩ ኮድ የሚመጣበትን ሲም ወንድማችሁ ዘንድ ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ግርግር ውስጥ እያለ ትደውሉለታላችሁ፤ አይሰማም። ሰምቶ ቁጥሩን ሲያነብላችሁ ጊዜው አልፎበታል። ሲሙን ሮሚንግ አስከፍታችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ካልሆነ ሰዓት ቅጠሩ፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድመን ሳትረሱ። የይለፍ ቃላችሁን አሳልፎ ከመስጠት ግን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና መላክ ይቀላል፤ ጠብ ቢነሳ ወረቀት ይናገራል።

ለእረፍት ጅማ ስትመጡ ችግሩ ይገለበጣል፤ አሁን የሚጠረጥራችሁ የውጩ ባንክ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ አሳውቁት። የሚከራይ ቪፒኤን እዚህም ያንኑ ጥርጣሬ ያመጣል። ውጭ አገር ቤታችሁ ያለው ራውተር የራሳችሁ ቪፒኤን ሰርቨር የመሆን አማራጭ (ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን የሚል) ካለው ግን እሱን አብሩት፤ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣችሁ በራሳችሁ ቤት አድራሻ ትገባላችሁ። ሙከራውን ግን ቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አታድርጉ፤ ምንም አይነግራችሁም። ዋይፋዩን አጥፉና በሞባይል ዳታ ግቡበት፣ የሚያሳየው አድራሻ የቤታችሁ መሆኑን አይታችሁ ከዚያ ሻንጣ ዝጉ።