በቲሽሬ በዓላት ትርጉም ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአይሁድ አቆጣጠር የበዓላት ወር የሆነው ቲሽሬ ባለፈ ቁጥር አንድ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል፦ «ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ከቤተሰብ ጋር በላሁ ጠጣሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም።» ሮሽ ሃሻና (አዲስ ዓመት)፣ ዮም ኪፑር (የማስተሰረያ ጾም)፣ ሱኮት (የዳስ በዓል) እና ሲምሐት ቶራ (የኦሪት ደስታ) በ22 ቀናት ውስጥ ተደራርበው ስለሚመጡ፣ ሰው ከማዕድ ወደ ማዕድ ሲሮጥ ወሩ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ትርጉም ፍለጋ ይጀመራል። አንዱ ምሥጢራዊ መጻሕፍት ያገላብጣል፣ ሌላው የገዛ ስሜቱን ይመረምራል። በእኔ አስተያየት ፍለጋው የሚከሽፈው አቅጣጫው ስለሚሳት ነው። የእነዚህ በዓላት ንባቦችና ሥርዓቶች ሰውን በራሱ ውስጥ ዘግተው አያስቀምጡትም፤ ደጋግመው ወደ ሌላ ሰው ደጅ ይልኩታል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማስተዋል የሚመጡ ናቸው።

ሮሽ ሃሻናን እንደ ማንኛውም አዲስ ዓመት ማክበር

ፖም በማር፣ ሮማን፣ የዓሣ ጭንቅላት፣ አዲስ ልብስ፣ የመልካም ምኞት መልእክት። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ ማንም ይተወው አልልም። ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያን 23 ስለዚህ ቀን ሲናገር አዲስ ዓመት የሚል ነገር አያነሣም። ቀኑ የሰባተኛው ወር መጀመሪያ ነው፤ በመለከት ድምፅ የሚታሰብ ዕረፍት ነው። ፌሽታ ብቻ ፈልጎ ወደ ምኵራብ የሄደ ሰው የሚነበበውን ልብ ብሎ ቢሰማ ግራ ይገባዋል።

በመጀመሪያው ቀን የሚነበበው ኦሪት ዘፍጥረት 21 ነው። ሣራ በስተርጅና ወለደች፣ ደስታ ሆነ። ወዲያው ግን አጋር ከነልጇ ከቤት ትባረራለች። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ የአቁማዳው ውኃ ያልቃል፤ እናትየው ልጁን ከቁጥቋጦ ሥር ትጥለውና ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቀጥሎ የሐና ታሪክ ይነበባል፤ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ የገሠጻት ሴት። በሁለተኛው ቀን ከይስሐቅ መሥዋዕትነት በኋላ በኤርምያስ 31 ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ እንሰማለን። ዓመቱ በሚከፈትበት ቀን ሊቃውንቱ መርጠው ያስቀመጡልን ሴቶች የሚያለቅሱ፣ ያውም አጠገባቸው ያለ ሰው እንባቸውን ያላየላቸው ሴቶች ናቸው።

ሾፋሩም፣ ማለትም ቀንደ መለከቱ፣ ከዚህ አይርቅም። የአይሁድ ሊቃውንት ውይይት በተሰበሰበበት በታልሙድ ውስጥ ሊቃውንቱ የተሰባበረው የቀንደ መለከት ድምፅ ምን መምሰል እንዳለበት ሲወያዩ መለኪያ ያደረጉት የአንዲት እናት ልቅሶ ነው። እናትየዋ ደግሞ የአብርሃም ወገን አይደለችም። እስራኤልን ለ20 ዓመት ያስጨነቀው የጦር አዛዥ የሲሣራ እናት ናት፤ በመጽሐፈ መሳፍንት 5 በመስኮት ሆና የማይመለሰውን ልጇን የምትጠብቀው። ልቅሶው ረዘም ያለ መቃተት ይሁን ወይስ ቁርጥርጥ ያለ ሲቃ ስላልተወሰነ፣ የቂሣርያው ረቢ አባሁ ሁለቱም እንዲነፉ ደነገጉ። እስከ ዛሬም ሦስት የተሰበሩ ድምፆችን፣ ከዚያም ዘጠኝ አጫጭር ድምፆችን የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በዓመቱ እጅግ በከበረው የጸሎት ሰዓት የጠላት እናት ልቅሶ መለኪያ መሆኑ፣ ስንት ጊዜ ብሰማው የማይለመደኝ ነገር ነው።

ታዲያ ማዕዱስ? ማዕዱንም ነህምያ 8 በቦታው ያስቀምጠዋል። በዚያው በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ቀን ሕዝቡ የኦሪቱን ቃል ሰምቶ ሲያለቅስ፣ ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ ተባለ። የመጨረሻዋን ትእዛዝ ብዙ ቤት ይረሳታል። በሕንፃችሁ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ፣ ፖሙ ማር ውስጥ ከመነከሩ በፊት አንድ ሳህን ወደ እርሳቸው ይውጣ።

በዋዜማው መጀመር

ይህ አጭር ነው። ከቲሽሬ በፊት ያለው የኤሉል ወር የተሰጠው ለዝግጅት ነው። ስፋራዲም (የስፔንና የምሥራቅ አይሁድ) ወሩን ሙሉ ሌሊት እየተነሡ ስሊሖት የተባለውን የንስሐ ጸሎት ያደርሳሉ፤ አሽከናዚም (የአውሮፓ አይሁድ) ከሮሽ ሃሻና ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ይጀምራሉ፣ በኤሉል ጠዋት ጠዋት ግን ሾፋር ይነፋሉ። ሌሊት መነሣት ለማይችል ሰው አንድ ወረቀት ይበቃዋል፦ በዚህ ዓመት የበደልኳቸው፣ ያበደሩኝ፣ ስልካቸውን ሳላነሣ የተውኳቸው። ስሞቹ በኪፑር ዋዜማ ቢጻፉ ለማነጋገር ጊዜ የለም።

በአንድ መልእክት ለመቶ ሰው ይቅርታ መጠየቅ

ከኪፑር በፊት ባሉት ቀናት ስልኮች እንዲህ በሚል መልእክት ይጥለቀለቃሉ፦ «በዓመቱ ውስጥ አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ መልካም ጾም።» ከሥሩ አበባና ነጭ ርግብ አለ። ላኪው ከሌላ ሰው ተቀብሎ ያስተላለፈው ነው፤ ተቀባዩም እጁን ያጣመረ ምስል መልሶ ይልካል። ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው? ይህን የመሰለ ይቅርታ የሚያናድደኝ ላኪዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እውነተኛውን ይቅርታ ስለሚተካባቸው ነው።

የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ፣ ሚሽናው፣ በዮማ ክፍል መጨረሻ ላይ በግልጽ ያስቀምጠዋል። በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ዮም ኪፑር ያስተሰርያል። በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም። 25 ሰዓት ቢጾም፣ ከመክፈቻው ጸሎት ከኮል ኒድሬ እስከ መዝጊያው ነዒላ ቆሞ ቢጸልይ አይረዳውም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የሕግ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ነገሩን ወደ ዝርዝር አወረዱት። ገንዘብ ወስዶ ከሆነ መጀመሪያ ይመልስ፤ መመለሱም ብቻውን አይበቃም፣ ይቅርታ ይጠይቅ። የተበደለው እንቢ ካለ ሦስት ሰዎች ይዞ ይሂድ፤ እንዲህ እስከ ሦስት ጊዜ ይመላለስ። የተበደለው ሞቶ ከሆነ አሥር ሰዎች ይዞ ወደ መቃብሩ ሄዶ በደሉን ይናዘዝ። እኛ ሽማግሌ መላክን የምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ሽማግሌ የሚላከው ትዳር ሲጠየቅ ብቻ አይደለም።

በተግባር እንዴት ይሁን? ሁለት አነጋገሮችን ጎን ለጎን እንይ። «እትዬ፣ ካስቀየምኩዎ ይቅርታ» የሚለው በደሉን ወደ «ካ» ይገፋዋል፤ ምናልባት አላስቀየምኩም ይሆናል እንደ ማለት ነው። «እትዬ፣ በልጅዎ ሠርግ ሰሞን ስለ ጥሎሹ በሰው ፊት የተናገርኩት ነገር ልክ አልነበረም። ለሰሙት ሰዎችም ስህተቴን ነግሬያቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ» የሚለው ግን ሌላ ነው። በደሉ ስም አለው፣ ጥገናው አለው፣ ሴትየዋም መልስ የምትሰጥበት ነገር አላት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰውየው ጨርሶ የማያውቀውን ሐሜት ሄዶ መዘርዘር አዲስ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ሊቃውንትም መንገር ይገባል አይገባም ብለው ተከራክረውበታል። እኔ የምቆመው አትንገሩ ከሚሉት ጋር ነው። የራስን ሕሊና ለማቅለል ሰው ማቁሰል ይቅርታ መጠየቅ ሊሆን አይችልም።

የተጠየቀውም ሥራ አለበት። ራምባም ይቅርታ በመንፈግ መጨከንን ይነቅፋሉ፤ ጠያቂው ከልቡ ሲለምን በፍጹም ልብ ይቅር ይባል።

ኪፑርን በረሃብ መጠን መለካት

«ዘንድሮ እንዴት ነበር ጾሙ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ መልሱም «ቀላል ነበር» ወይም «ራሴን አዞረኝ» ነው። መብል፣ መጠጥ፣ መታጠብ፣ መቀባት፣ የቆዳ ጫማና ሩካቤ የተከለከሉበት ቀን ነውና ሰውነት ይናገራል። ግን በዚያው ቀን ጠዋት የሚነበበውን ኢሳይያስን እንስማ። ሕዝቡ ጾመን ለምን አላየኸንም ብሎ ያማርራል። ነቢዩም የተወደደው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነ ይመልስለታል። ይህ የሚነበበው ምኵራቡ በጾመኛ በተሞላበት ሰዓት መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዮናስ ይመጣል፦ የሚድነው የባዕዳን ከተማ ነነዌ ነው፣ የሚኮርፈው ነቢዩ ነው።

በእኛ በቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ በመጣን አይሁድ ዘንድ፣ በተለይ የማየው ስህተት አለ። ስኳር ያለባቸው፣ የኩላሊት መድኃኒት የሚወስዱ አባቶችና እናቶች ሐኪም ከልክሏቸው እያለ ይጾማሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ አሁን ልተው?» ይላሉ። ሕጉ ግን ከእነርሱ ጋር አይደለም። ታልሙድ እንደሚለው፣ በሽተኛው አያስፈልገኝም ቢል እንኳ ሐኪሙ መብላት አለበት ካለ የሚሰማው ሐኪሙ ነው። ለእርሳቸው በዚያ ቀን መብላቱ ነው ትእዛዙ። ልጆቻቸው ይህን በኪፑር ማለዳ ሳይሆን ቀደም ብለው፣ ቢቻል በሚያከብሩት ቄስ ወይም ረቢ አፍ ቢያስነግሩላቸው ይሻላል።

ሌላው ነገር ቀኑን የለቅሶ ቀን ማድረግ ነው። በሚሽናው ሊቁ ራባን ሺሞን ቤን ጋምሊኤል ለእስራኤል ከአብ ወር 15ኛው ቀንና ከዮም ኪፑር የበለጠ ደስ የሚል ቀን አልነበረም ይላሉ። የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው በወይን ቦታዎች ይጨፍሩ ነበር። ልብሱም የተዋሰ ነበር፤ ያላትም ትዋሳለች፣ የሌላት እንዳታፍር። ይህችን የልብስ ነገር ስለ ኪፑር ከተጻፉ ብዙ ስብከቶች አስበልጣታለሁ።

ኪፑር ሲያልቅ ሁሉም እንዳለቀ ማሰብ

ብዙ ሰው ጾሙን ፈትቶ ይተኛል፤ ሱኮትን የልጆች ጨዋታ ያደርገዋል። ልማዱ ግን በኪፑር ማታ ለዳሱ የመጀመሪያውን ችንካር መምታት ነው። አምስት ቀን ሳይሞላ ሰው ከግንብ ቤቱ ይወጣል። የዳሱ ጣሪያ ከምድር በበቀለና በተቆረጠ ነገር ይሸፈናል፣ ጥላው ከፀሐዩ ይበልጣል፣ ከበላዩ ሰማይ እንጂ ሌላ ጣሪያ ሊኖር አይችልም።

ይህ የመጨረሻው ሕግ በእስራኤል የሕንፃ አሠራርን እስከ መቀየር ደርሷል፤ ሃይማኖተኞች በሚበዙበት ሰፈር በረንዳዎች አንዱ ከሌላው ፈንጠር ብለው የሚሠሩት ለዚህ ነው። በድሮዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች በረንዳ በበረንዳ ላይ ስለተደረደረ ዳሱ ግቢ ውስጥ ይተከላል። ድስቱ በፎጣ ተይዞ ደረጃውን ይወርዳል፣ ጨው ይረሳል፣ ልጅ ይላካል፣ ጎረቤቱ በሸራው በኩል የምትሉትን ሁሉ ይሰማል። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ያዩታል። እኔ የበዓሉ ዋና ነገር ይመስለኛል፦ ዓመቱን ሙሉ በተቆለፈ በር ጀርባ የሚበላ ቤተሰብ ለሰባት ቀን ሰው በሚያልፍበት ይበላል። ራምባምም በበዓል ቀን የግቢውን በር ዘግቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ብቻ የሚበላ፣ ድሃን የማያበላ ሰው ደስታው የሆድ ደስታ ነው ይላሉ።

ዝናብ ቢመጣስ? ሚሽናው ገንፎው እስኪበላሽ ድረስ ከዘነበ መግባት ይቻላል ይላል። ከዚያ በላይ እየተንቀጠቀጡ መቀመጥ ጽድቅ አይደለም።

በዚሁ ሰሞን ሌላም ነገር ይታያል። በሱኮት ከሌሎች ሦስት ዕፅዋት ጋር በእጅ የሚያዘውን ትርንጎ የሚገዙ ሰዎች በገበያ ላይ አጉሊ መነጽር ይዘው በልጣጩ ላይ ነጥብ ይፈልጋሉ። ትርንጎው፣ ዘንባባው፣ ባርሰነቱና አኻያው ያማሩ ይሁኑ፤ ትእዛዝን ማስዋብ ያለ ነገር ነው። ሆኖም ሚሽናው ስለ ሉላቭ፣ ማለትም ስለ ዘንባባው፣ መናገር ሲጀምር የሚያስቀድመው ስለ ውበቱ አይደለም፤ የተሰረቀ ወይም የደረቀ ሉላቭ አይሆንም ብሎ ነው የሚጀምረው። በብዙ መቶ ሼክል ትርንጎ ገዝቶ የሠራተኛ ደሞዝ ያሳደረ ሰው ይህን ቢያነበው ጥሩ ነው።

የሱኮትን ደስታ እንደ መርሳት መቁጠርም አለ። የሐማስ ጥቃት የደረሰበት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2023 በእስራኤል የሲምሐት ቶራ ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከኦሪቱ ጋር መጨፈር ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። በዚህ ቀን ያዘነ ሰው አጠገባችሁ ካለ «በዓል ነው፣ ተው» አይባልም። አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። በሱኮት የሚነበበው መጽሐፈ መክብብም ለማልቀስ ጊዜ እንዳለው አይደብቅም።

የአባቶችን መንገድ እንደ ጉድለት ማየት

ይህ በተለይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ነው። ትምህርት ቤት ሮሽ ሃሻናን፣ ኪፑርን፣ ሱኮትን ያስተምራል። አያቶች ግን ብርሃን ሠረቀን፣ አስተስርዮን፣ በዓለ መጸለትን አክብረው ነው የመጡት፤ ታልሙድ ሳይደርሳቸው፣ ኦሪቱን በግዕዝ እያነበቡ። ዛሬ በምኵራብ የዕብራይስጥ መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ገጹን የማያውቁ አዛውንት አጠገባችሁ ቢቀመጡ፣ ምንም እንደማያውቁ አድርጎ ገጽ ማሳየት ብቻ አይበቃም። በጎንደር መንደራቸው አስተስርዮ እንዴት ይውል እንደነበር፣ ቄሶቹ ምን ያነቡ እንደነበር፣ ይቅርታ እንዴት ይባባሉ እንደነበር ይጠየቁ።

ቤተ እስራኤል ወቅቱን በሲምሐት ቶራ አይዘጉትም። ከኪፑር በ50ኛው ቀን፣ በሕሽቫን ወር 29 የስግድ በዓል አለ፤ ጾም፣ ወደ ተራራ መውጣት፣ የኦሪት ንባብ፣ ከዚያም ማዕድ። የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እ.ኤ.አ. የሀገር በዓል አድርጎ ደንግጎታል። በኢየሩሳሌም ቄሶቹ በባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ቆመው ሲያነቡ ብዙ ወጣት ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ከንባቦቹ አንዱ ነህምያ 9 ነው፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ የራሱንና የአባቶቹን በደል የተናዘዘበት ምዕራፍ። በኤሉል በተጻፈው ወረቀት ላይ ያልተሰረዘ ስም ካለ፣ እስከ ስግድ ድረስ ደጃቸው መሄድ ይቻላል።